«ያዓሌ ቬያቮ»ን ብረሳው ከመጀመሪያ ልድገም?

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? ባለፈው የሻቩዖት በዓል ምሳ የበላነው የባለቤቴ ወላጆች ቤት ነበር። እነሱ አሽከናዚ፣ ከአውሮፓ የመጡ አይሁድ፣ ናቸው። እህቴም ከባሏ ጋር ተጋብዛ ነበር፤ እሱ ቤተሰቦቹ ከሞሮኮ ናቸው። ከምግብ በኋላ የሚባለውን የምስጋና ጸሎት፣ ቢርካት ሃማዞንን፣ ሳነብ በበዓል የሚጨመረውን ‹ያዓሌ ቬያቮ›ን ዘለልኩት። ትዝ ያለኝ አራተኛው ቡራኬ መሃል ከደረስኩ በኋላ ነው። አማቴ ‹ከመጀመሪያው ድገሚ› አሉኝ። የእህቴ ባል ደግሞ ‹በፍጹም አትድገሚ፣ የፈጣሪን ስም በከንቱ መጥራት ይሆናል› አለ። ሰው ሁሉ እያየኝ ደገምኩ። በጣም አፈርኩ። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ ለእኛ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ለስግድ ማታ፣ የምንጨምረው ነገር አለ?»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። አማትሽም ልክ ናቸው፣ የእህትሽ ባልም ልክ ነው። ሁለቱም ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሥርዓት ነው የነገሩሽ። አንቺም ደግመሽ ማንበብሽ ጥፋት አልሆነም፤ የምትደገፊበት አለሽ። ግን «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብዬ ብተውሽ ምንም አልጠቀምኩሽም። ለምን እንደተለያዩ ከገባሽ፣ ከዚህ በኋላ በየትኛውም በዓል ራስሽ መልሱን ታገኚዋለሽ።

ቁልፉ ያለው በጸሎት መጽሐፉ፣ በሲዱሩ ላይ ሳይሆን ገበታው ላይ ነው። መጠየቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ዳቦ መብላት ግዴታዬ ነበር ወይስ ፈቃዴ?

መጀመሪያ የዘለልሽውን ነገር እንየው። ብዙ ሰው ሳይገባው ስለሚያነበው ነው በቀላሉ የሚዘለው። «ያዓሌ ቬያቮ» የሚጀምረው በስምንት ግሦች ነው። ይውጣ፣ ይምጣ፣ ይድረስ፣ ይታይ፣ ይወደድ፣ ይሰማ፣ ይጎብኝ፣ ይዘከር። ስምንቱም አንድ ነገር ነው የሚለምኑት፤ መታሰቢያችን በፊትህ ይድረስ ነው። የእኛ፣ የአባቶቻችን፣ የዳዊት ልጅ የመሲሁ፣ የኢየሩሳሌም፣ የሕዝብህ የእስራኤል ሁሉ መታሰቢያ። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ስጦታ አለው። «ዪሻማዕ» ሲል «ይሰማ»ን፣ «ዪዛኼር» ሲል «ይዘከር»ን ጆሮሽ ይይዛል። ክፍል ውስጥ ይህን ለእናቶች ሳሳያቸው ፊታቸው ይበራል። ዕብራይስጡ ባዳ መሆኑ ይቀርና የአክስት ልጅ ይሆናል።

ከዚያ የቀኑ ስም ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነውና። ጸሎቱ በዓሉን የሚጠራው መንገድ ላይ በምንጠራበት ስም አይደለም። ፔሳሕን «ሐግ ሃማጾት» ይለዋል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የቂጣ በዓል» የምንለው ማለት ነው። ሱኮትን «ሐግ ሃሱኮት»፣ የዳስ በዓል ይለዋል። ወላጆቻችን በኢትዮጵያ በዓለ መጸለት ይሉት የነበረው ነው። ያንቺው ሻቩዖት፣ እነሱ ማዕረር የሚሉት፣ «ሐግ ሃሻቩዖት» ነው። ሲምሓት ቶራ፣ የኦሪት ደስታ ቀን፣ ላይ ግን «ሲምሓት ቶራ» የሚል ቃል አታገኚም፤ የሚባለው የሽሚኒ አጼሬት፣ የስምንተኛው ቀን ጉባኤ፣ ስም ነው።

በአዲስ ዓመት፣ ሮሽ ሃሻና ላይ ደግሞ «ዮም ሃዚካሮን ሃዜ»፣ ይህ የመታሰቢያ ቀን፣ ይላል። አንድ አባት ከዓመታት በፊት መጽሐፉን ይዘው መጥተው «ይሄ ስህተት አለበት፣ ዮም ሃዚካሮን ለወታደሮቹ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዛሬይቱ እስራኤል ያንን ስም የምንሰማው ሲረን በሚነፋበት፣ ሁሉም በቆመበት በሚቆምበት በዚያ ከባድ ቀን ነው። ጸሎቱ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 የሰባተኛውን ወር መጀመሪያ የመለከት ድምፅ መታሰቢያ ይለዋል። ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ መጽሐፉን ሳሙት።

ይህ ሁሉ የሚገባው ሦስተኛው ቡራኬ ውስጥ ነው፤ ስለ ኢየሩሳሌም በሚለምነው። ለምን እዚያ? «ያዓሌ ቬያቮ» ልመና ስለሆነ ከልመና ጋር ይቀመጣል። የሐኑካና የፑሪም በዓላት ጭማሪ «አል ሃኒሲም» ግን ለተደረገ ተአምር የሚቀርብ ምስጋና ነው። ስለዚህ ስለ ምድሪቱ በምናመሰግንበት በሁለተኛው ቡራኬ ውስጥ ይገባል። ሰንበት፣ ሻባት፣ ከበዓል ጋር ሲገጥም የሻባቱ ጭማሪ «ሬጼ» ይቀድማል፣ «ያዓሌ ቬያቮ» ይከተላል።

አሁን ወደ ዳቦው። የቢርካት ሃማዞን ትእዛዝ የመጣው ከኦሪት ዘዳግም 8፥10 ነው፤ በልተህ በጠገብህ ጊዜ ስለ ሰጠህ መልካም ምድር አምላክህን ባርክ ይላል። የሊቃውንቱ መጽሐፍ ታልሙድ እንደሚተርከው የመጀመሪያውን ቡራኬ ሙሴ መና ሲወርድ ሠራው። ሁለተኛውን ኢያሱ ምድሪቱን ሲገባ፣ ሦስተኛውን ዳዊትና ሰሎሞን ስለ ኢየሩሳሌም ሠሩት። አራተኛው ከሁሉም ዘግይቶ ያቭኔ በተባለች ከተማ የተጨመረ ነው፤ በቤታር ከተማ የተገደሉት ለመቀበር በበቁ ጊዜ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። አንቺ ያስታወስሽው አራተኛው ላይ ነው። አራተኛው ውስጥ ከገባሽ ሦስቱ ዋና ቡራኬዎች ተዘግተዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሦስተኛውን ብቻ መክፈት አትችይም። ወይ ሁሉንም ከመጀመሪያ ትደግሚያለሽ፣ ወይ ትቀጥያለሽ። መሃል መንገድ የለም።

ታዲያ መቼ ነው የሚደገመው? ታልሙድ በራኾት በሚባለው ክፍሉ፣ ገጽ 49 ላይ ደንቡን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። በሻባትና በበዓል ሰው ሳይበላ መዋል አይችልም፤ ስለዚህ ከረሳ ይመለሳል። በወር መባቻ፣ በሮሽ ሖዴሽ ግን ቢፈልግ ይበላል፣ ባይፈልግ ይተዋል፤ ስለዚህ አይመለስም። ነገሩ ይገባሻል? ምግቡ ራሱ ከቀኑ የተነሣ ግዴታ ከሆነ፣ ቀኑን ሳትጠሪ ማመስገን ጉድለት ነው። ምግቡ ፈቃድሽ ከሆነ ግን የቀኑ ስም ተጨማሪ ክብር እንጂ ምሰሶ አይደለም። በበዓሉ መካከል ያሉት የሖል ሃሞዔድ ቀናትም እንደ ሮሽ ሖዴሽ ናቸው፤ አይደገምም። የሻባት ሦስተኛው ማዕድ ላይ «ሬጼ»ን የረሳም አይደግምም፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ግን ይደግማል። ሐኑካና ፑሪም ላይ «አል ሃኒሲም» ቢረሳ አይደገምም። መጨረሻ ላይ «ሃራሐማን» የሚሉት ልመናዎች ጋ ስትደርሺ «መሓሪው እንደ አባቶቻችን ዘመን ተአምር ያድርግልን» ብለሽ ትጨምሪውና ይበቃል።

ጠቡ ያለው በዓሉ ላይ ነው። በበዓል ቀን መደሰት ግዴታ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል። ግን ደስታው የግድ በዳቦ መሆን አለበት? በሥጋና በፍራፍሬ ቢሆንስ? ከጥንት ሊቃውንት አንዱ ወገን «ያለ ዳቦ ደስታ ማዕድ አይባልም» አለ። እ.ኤ.አ. በ1565 ቬኒስ ላይ የታተመው የረቢ ዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ፣ ሹልሐን አሩኽ፣ በዚህ መንገድ ሄዶ «ይመለሳል» ብሏል፣ የአማትሽም ቤት የሚከተለው ይህንን ነው። ሌላው ወገን ግን «ዳቦ መብላት በእርግጥ ግዴታ የሚሆነው ሁለት ማታ ብቻ ነው፣ የፔሳሕ የመጀመሪያ ማታ ማጻ፣ የሱኮት የመጀመሪያ ማታ ደግሞ በዳሱ ውስጥ ዳቦ» ይላል። የስፋራዲ፣ የሰሜን አፍሪካና የምሥራቅ አይሁድ፣ ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ይህን ክርክር ሲያዩ፣ ጥርጣሬ ባለበት ቡራኬ አይደገምም የሚለውን መርህ ያዙ። ስለዚህ ከእነዚያ ሁለት ማታዎች በቀር በበዓል አይመለስም ብለው ወሰኑ። የእህትሽ ባል የነገረሽ ይህንን ነው።

ረቢ ኦቫዲያ ለእኛ ባዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን የስፋራዲ ሲዱር ይዘን የምንጸልየውም ከዚያ ፍቅር የተነሣ ጭምር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆቻችን ዘንድ አንድ የምሰማው ንግግር አለ፦ «ደግሜ ብለው ምን ይጎዳል? ጸሎት በዛ ተብሎ ሰው ይወቀሳል?» ልባቸው የዋህ ነው፣ እወድላቸዋለሁ። ግን ቡራኬ እንደ መዝሙር አይደለም። ቡራኬ ውስጥ ስሙ አለ፤ ሳይገባ መጥራቱ ከባድ ነው። የእህትሽ ባል የፈራልሽ ይህንን እንጂ ሊያሳፍርሽ ፈልጎ አይመስለኝም። ስለዚህ «ለማንኛውም ልድገመው» የሚለው ጥንቃቄ ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይሆንም።

አንቺን የሚመለከት ሌላም ነጥብ አለ፤ ገበታው ላይ ማንም ያነሣልሽ አይመስለኝም። በፖዘን የነበሩት ታላቁ ረቢ አኪቫ አይገር፣ አሽከናዚ ሆነው ሳለ፣ ሴት በበዓል ብትረሳ አትመለስም ብለው ጽፈዋል። ምክንያታቸው የበዓል ደስታ ማዕድ ጊዜ የተወሰነለት ትእዛዝ ስለሆነ ሴቶችን አያስገድድም የሚል ነው። ከዚህ የሚያወጡት የሴዴር ማታን፣ ማለትም የፔሳሕን የመጀመሪያ ማታ፣ ነው፤ ማጻውን ሴቶችም የግድ መብላት አለባቸውና። ሻባትም እንዲሁ በወንድና በሴት ላይ እኩል ነው። ሁሉም አሽከናዚ ረቢ በዚህ አልተስማማም። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ የምትከተሉትን ረቢ አንዴ ጠይቁና ጉዳዩን ዝጉት። የኔን አስተያየት ከፈለግሽ ግን፣ ሻቩዖት ምሳ ላይ ሴት ብትረሳ ሳትደግም ብትቀጥል ከበቂ በላይ የምትደገፍበት አላት። የሴዴር ማታ ቢሆን ኖሮ ግን አማትሽም፣ የእህትሽ ባልም፣ ረቢ አኪቫ አይገርም በአንድ ድምፅ «ድገሚ» ይሉሽ ነበር። ሮሽ ሃሻና ቀን ላይ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው፤ በዚያ ቀን መጾምን የፈቀዱ የጥንት ሊቃውንት ስለነበሩ ብዙዎች የቀኑን ማዕድ አያስደግሙም።

ልቤ ሳይቆርጥልኝ ቀረ የምትይ ከሆነ ደግሞ፣ ገና ያልባረከ ሰው ካለ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» በይውና ልብ ብለሽ ስሚ። እሱም አንቺን ለማካተት አስቦ ያንብብ። ስምም በከንቱ አልተጠራ፣ ጥርጣሬም አልቀረ።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚዘነጋት ትንሽ በር አለች። ሦስተኛውን ቡራኬ ጨርሰሽ አራተኛውን ሳትጀምሪ ካስታወስሽ፣ መድገም የለም። የምትባል አጭር ቡራኬ አለች፦ «ባሩኽ አታ ሃሼም ኤሎሄኑ ሜሌኽ ሃዖላም፣ አሼር ናታን ያሚም ቶቪም ሌአሞ ዪስራኤል ሌሳሶን ኡሌሲምሓ፣ ኤት ዮም ሐግ ሃሻቩዖት ሃዜ»፣ ከዚያም መዝጊያዋ። «ለሕዝቡ ለእስራኤል መልካም ቀናትን ለደስታና ለሐሴት የሰጠ» ማለት ነው። ብዙ ሲዱር ላይ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ታትማለች። ያንቺን አውጥተሽ ፈልጊያት። እንዳትዘናጊ ግን፤ በሁለቱ ቡራኬዎች መካከል ያለችው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ናት።

ከዚያም በፊት ያለው መድኃኒት አለመርሳት ነው። ሲዱር ላይ «ያዓሌ ቬያቮ» አብዛኛውን ጊዜ በሳጥን ውስጥ፣ ወይም በግራጫ መደብ ላይ፣ በትንሽ ፊደል ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ ዓይንሽ እየዘለለው ለምዷል። በበዓል ቀንም እግሩ እንደለመደ በቅሎ በዚያው መንገድ ይሄዳል። የማስተምራቸው አንዲት እናት ከነጠላቸው ጥለት አረንጓዴ ክር መዝዘው ሲዱሩ ውስጥ፣ ልክ በዚያ ገጽ ላይ፣ አስገብተውታል። በዓል ሲደርስ ክሩን ወደ ውጭ ያወጡታል፣ ሲያልፍ መልሰው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። አንድም ቀን ረስተው አያውቁም። አንቺም ምልክት የምታደርጊ ከሆነ በዓሉ ከመግባቱ በፊት አድርጊው፤ በዓሉ ከገባ በኋላ መለጠፍና መጻፍ የለም።

የበዓሉ ቃል በዚህ አያበቃም። መጨረሻ አካባቢ ሌላ የምትለወጥ ቃል አለች። በሥራ ቀን «ማግዲል ዬሹዖት ማልኮ» እንላለን፤ የንጉሡን ማዳን የሚያገን። በሻባት፣ በበዓልና በሮሽ ሖዴሽ ግን «ሚግዶል» ይባላል፤ ግንብ። የመጀመሪያው ከመዝሙር 18 ነው፣ ሁለተኛው ያው የዳዊት መዝሙር በ2ኛ ሳሙኤል 22 ሲደገም የተነበበው ነው። ለምን በክብር ቀን «ግንብ» ሆነ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን በሴቪያ የነበረው ሊቅ አቡዳርሃም፣ ሻባት ከሥራ ቀን ጋር ሲነጻጸር እንደ ታላቅ ንጉሥ ስለሆነ ነው ይላል። የፒንስኩ ረቢ ባሩኽ ኤፕስታይን ግን ሌላ ነገር ጠረጠሩ። አንድ ሰው በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በምሕጻረ ቃል ጻፈ፤ «በሁለተኛ ሳሙኤል ‹ሚግዶል› ተብሏል» ለማለት። ኋላ የመጣ ገልባጭ «በሻባት» ብሎ አነበበው። እኔ ይሄን ግምት እወደዋለሁ፤ ግን ልማዱን አይሽረውም። ሕዝቡ ለብዙ ትውልድ በክብር ቀን ግንቡን ሲጠራ ኖሯል፣ እኔም እጠራዋለሁ።

«ሃራሐማን»ም ላይ የቀኑ ልመና አለ። በበዓል «ሁለንተናው መልካም የሆነውን ቀን ያውርሰን»፣ በሮሽ ሃሻና «ይህችን ዓመት ለመልካምና ለበረከት ያድስልን»፣ በሱኮት ደግሞ «የወደቀችውን የዳዊትን ዳስ ያንሣልን»፤ ይሄኛው ከነቢዩ አሞጽ የተወሰደ ነው። ዳስ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ቅጠሉ ከላይሽ እየተንኮሻኮሸ ስትዪው ሌላ ነው። እነዚህን ብትረሺ ግን ምንም አይደለም።

ወደ ስግድ ከመግባቴ በፊት ስለ እንጀራ አንድ ቃል። ቢርካት ሃማዞን የሚባለው ከአምስቱ እህሎች የተሠራ ዳቦ ሲበላ ነው፤ ስንዴ፣ ገብስና የእነሱ ወገኖች። ጤፍ ከአምስቱ አይደለም። ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ብቻ በልተሽ ከሆነ፣ በዓልም ቢሆን፣ ምንም ብትጠግቢ፣ ቢርካት ሃማዞን የለም፤ «ቦሬ ኔፋሾት» የምትባለው አጭር ቡራኬ ናት የምትባለው። የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ከሆነ እንደ አሠራሩ ይለያያልና ለረቢሽ ምን ያህል ምን እንደገባበት ነግረሽ ጠይቂ። የበዓል ገበታችን ላይ ከወጡ አጠገብ ድፎ ዳቦ እንዲኖር የምለፋው ለዚህ ነው። እጅ ታጥቦ፣ በዳቦው ላይ ተባርኮ፣ እንጀራው ከዚያ ይከተላል።

ስግድ። የእስራኤል ፓርላማ፣ የክኔሴት፣ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፣ ለእኛ ደግሞ ከዚያ በፊትም የነፍሳችን በዓል ነው። ግን ቢርካት ሃማዞን ውስጥ የራሱ ጭማሪ የለውም። «ያዓሌ ቬያቮ» ኦሪት ለጠራቻቸው በዓላትና ለሮሽ ሖዴሽ ነው፣ «አል ሃኒሲም» ደግሞ ለሐኑካና ለፑሪም። ስለዚህ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ከሰዓት የምትበዪውን እንደ ሥራ ቀን ትባርኪያለሽ።

ነገር ግን ጥያቄሽ «ለስግድ ማታ» ነው የሚለው፣ እዚህ ላይ ሰዓትሽን ተመልከቺ። ስግድ የሚውለው በዕብራይስጡ ወር በሔሽቫን 29 ነው። በ29 ቀን ማግስት የሚመጣው ምንጊዜም የቀጣዩ ወር፣ የኪስሌቭ፣ ሮሽ ሖዴሽ ነው፤ ቀን ደግሞ የሚጀምረው ከማታ ነው። ከኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ተመልሰሽ፣ ከመሸ በኋላ ቤት ገብተሽ ዳቦ ቆርሰሽ ከበላሽ፣ ያ ማዕድ የሮሽ ሖዴሽ ማዕድ ሆኗል፤ «ያዓሌ ቬያቮ» ይባላል፣ «ቤዮም ሮሽ ሃሖዴሽ ሃዜ» ተብሎ። ብትረሺው አትመለሺም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መብላት ጀምረሽ፣ ዳቦውንም ሳይመሽ ጨርሰሽ፣ ጨዋታው ሲያስመሽሽ ደግሞ የሚታየው የማዕዱ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ አይባልም። ሔሽቫን 29 ሻባት ላይ በሚውልበት ዓመት ስግድ ወደ ሐሙስ ስለሚዛወር ይሄ ሁሉ የለም። ወላጆቻችን በአገራቸው የጨረቃዋን መጀመሪያ በየወሩ እየጠበቁ ያከብሩ ነበር፤ ስለዚህ እናትሽ አጠገብሽ ካሉ፣ ያን ማታ ገጹን አንቺ ክፈችላቸውና አብራችሁ አንብቡት።